ሰማያዊው ክላሴር

ኅዳር 2014 ነው። ሸዋ ሮቢት ተያዘች ተባለ። ወሬው ደብረ ሲና ደረሰ ሲባል የደብረ ብርሃን ሰው ጓዙን መሸከፍ ጀመረ። እኔ ያነሳሁት ልጄን፣ የልጄን ብርድ ልብስና አንድ ሰማያዊ ክላሴር ነው። እህቴ «ልብስሽንስ?» አለችኝ። ልብስ ይገዛል። ክላሴሩን ለመሙላት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ባሌ ወታደር ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ክላሴሩ ውስጥ ያለው ሁለቱን በሕግ ፊት የሚያገናኝ ወረቀት ነው። እንዴት እንዳገናኘኋቸው ልንገራችሁ። የተሳሳትኩትም ብዙ ነው።

የተጋባነው በ2004 ነው። በሽማግሌ፣ በጠላና በዶሮ። በዚያ ሁሉ ድግስ መሀል ወረቀት ትዝ ያለው ሰው የለም። ልጃችን በ2006 ተወለደ። ያኔ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ገና አልተጀመረም፤ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የእኔ ልጅ ግን ያለው የክትባት ካርድ ብቻ ነበር። ባሌ ደግሞ ውትድርና ሲገባ ላጤ ነበር። ፋይሉ ላይም ላጤ እንደሆነ ቀረ። ማናችንም ነገሬ አላልነውም። ገንዘቡን በባንክ ይልክልኛል፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሲሆን አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል። ሲመጣ ይክሰኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን።

ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ብስኩት ሲፈልግ በጣቱ አያሳይም፤ የእኔን እጅ ይዞ ይጎትታል። ባቄላ ስለቅም አጠገቤ ቁጭ ይልና ከምድጃው እስከ በሩ ድረስ በሰልፍ ይደረድረዋል። አንዷን ፍሬ ከቦታዋ ካነሳሁ ጩኸቱ ጎረቤት ይሰበስባል። እማዬ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አለች። አማቴ «ዓይን ነው» አሉ። ጻድቃኔ ማርያም ወስጄው ሁለት ሱባኤ ተቀመጥን። በዚያ አልጸጸትም፤ እኔ ራሴ ልቤ ያረፈው እዚያ ነው። የሚቆጨኝ ከጠበሉ ጎን ለጎን ሐኪም ማሳየት እንደምችል አለማሰቤ ነው።

አንድ ቀን በቴሌቪዥን ዘሚ የኑስን አየኋት። ነፍሷን ይማርና በ2013 አረፈች። በአገራችን የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ የከፈተችው እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። ስለ ልጇ ስታወራ ስለ እኔ ልጅ የምታወራ መሰለኝ። ቃሉን ራሱን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በ2010 አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ የሕጻናት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰድኩት። ሐኪሟ መጀመሪያ ያዘዘችው የጆሮ ምርመራ ነው። ሲጠራ የማይዞር ልጅ ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ይችላላ! ጆሮው ደህና ሆነ። ከዚያ ብዙ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ «ኦቲዝም ነው። አንቺ ያደረግሽው ወይም ያጎደልሽው ነገር የለም» አለችኝ። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ስሰማ አለቀስኩ። የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ፣ የሚረዳው ትዕግሥት ያለው ትምህርት እንደሆነ አስረዳችኝ። መደበኛ ክትትል ያስፈልገዋል አለች።

ክትትል ማለት ገንዘብ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ አለ። ሰው ሁሉ «የወታደር ቤተሰብ አይደለሽ እንዴ? በነጻ ታሳክሚያለሽ» ይለኛል። ለሠራዊቱ ቤተሰብ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ «የማን ቤተሰብ ነሽ?» አሉኝ። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ክፍሉን ነገርኳቸው። ልጁ እኮ አፍንጫው ሳይቀር አባቱን ነው! «ከክፍሉ ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። ክፍሉ ስደውል «ፋይሉ ላይ ሚስትም ልጅም የለውም» አሉኝ። ስልኩን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዶሮና የእንቁላል ነገር ነው። ክፍሉ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ይፈልጋል። ቀበሌው ባልየው ራሱ ይቅረብ ይላል። ባልየው ግዳጅ ላይ ነው። በ2011 ፋሲካን እረፍት ሲመጣ ሦስት ቀን ቀበሌ በረንዳ ላይ አሳለፍን። ምስክር የሆኑት ሰርጋችን ላይ ጠላ የጠጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋብቻው ነባር ተብሎ ተመዘገበ። የልጁ ልደትም እንዲሁ። ባሌ «እረፍቴን በሰልፍ ጨረስኩት» እያለ አጉረመረመ። ሲመለስ ግን ኮፒውን ወስዶ ስማችንን አስመዘገበ፤ ተቆራጭም ሞላልኝ። ተቆራጭ ማለት ከደመወዙ ላይ በየወሩ ተቀንሶ ለቤተሰብ የሚላክ ብር ነው። እሱ ተራራ ላይ ይሁን በረሃ፣ ብሩ ይደርሳል። በሰባት ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ወሩን በሂሳብ ኖርኩ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ልምጣ።

በ2012 ክረምት ሳይደውል መጣ። ሌሊት። ሊያስደስተን ነው፤ ገብቶኛል። ልጄ ግን ድንገተኛ ነገር አይወድም። የቦቲ ድምፅ፣ አዲስ ሽታ፣ በእሱ ቦታ የተኛ ትልቅ ሰው። ጠዋት ባሌ የተደረደረውን ባቄላ በእግሩ ገፋ አደረገው። ሳያውቅ ነው። ልጁ ጩኸቱን ለቀቀው፣ ሊይዘው ሲሞክር እጁን ነከሰው። ባሌ ቀበቶውን ፈታ። «ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» አለ። መሀል ገባሁ። ቀሪውን እኔ ተቀበልኩት።

ብዙ ነገር አይቶ እንደመጣ አውቃለሁ። እንቅልፍ እንደሌለውም አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ነው ልጄን ይዤ እህቴ ቤት የሄድኩት። ሁለቱም እውነት ነው።

ትልቁ ስሕተቴ አራት ቀን መጠበቄ ነው። እብጠቱ ጠፋ፣ የቀረው ቢጫ ሰንበር ብቻ። ሐኪም የጻፈው የቀረውን ነው። የዚያኑ ዕለት ብሄድ ኖሮ ማስረጃው ሌላ ይሆን ነበር። አንድ ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ «የባልና ሚስት ፀብ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ብለው መለሱኝ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ እንደሚያነሳ ያኔ አላውቅም ነበር። የነገረችኝ በሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ቢሮ ያገኘኋት አንዲት ሠራተኛ ናት። ማረፊያ ካስፈለገኝ አዲስ አበባ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንዳለም ነገረችኝ። እኔ እህት ነበረችኝ። እህት የሌላት ብዙ ናት።

ሰፈር ውስጥ «ወታደርን የሚዳኘው የጦር ፍርድ ቤት ነው፣ አትድከሚ» ይሉኝ ነበር። ውሸት ነው። የጋብቻና የቀለብ ጉዳይ የሚታየው እንደማንኛውም ሰው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። የበለጠ የያዘኝ ግን ሌላ ፍርሃት ነው። እንጀራውን ልዘጋበት? ከሥራ ቢባረር ልጁን ምን አበላዋለሁ? የወታደር ሚስት አፏን የሚዘጋት ይሄ ይመስለኛል። እኔም በድብደባው ክስ አልመሠረትኩም። ልክ ነበርኩ ብዬ አልከራከርም።

እሱ ግን ተመልሶ እንደሄደ ተቆራጩን አስቆመ። ለካ በራሱ ፈቃድ የሞላው ነገር በራሱ ፈቃድ ይቆማል። የሕግ ሰዎች በነጻ አቤቱታ ጻፉልኝ። ሄጄ ቀለብ ጠየቅኩ። ዳኛው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አገላብጠው አዩ፣ የሐኪሟን ደብዳቤ አነበቡ። ያኔ ገባኝ፤ ያ በረንዳ ላይ የባከነው እረፍት ባይኖር ልጁ የእሱ መሆኑን በማስረዳት ብቻ ስንት ቀጠሮ ይሄድ ነበር። ተወሰነልኝ፣ ለክፍሉም ደብዳቤ ተጻፈ። ይሄኛው በእሱ ፈቃድ አይቆምም።

ለአለቃውም ደወልኩ። ሻለቃ ናቸው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ሻለቃ፣ ልከሰው አይደለም፣ ልጁ ምን እንደሆነ እንዲረዳ እንዲያናግሩልኝ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እህቴ፣ የእኔም ወንድም እንዲህ ያለ ልጅ አለው» አሉ። ምን እንዳሉት አላውቅም። ከሁለት ወር በኋላ ባሌ ደውሎ «ስሙ ምን ነበር ያልሽው? ኦቲ ምን?» አለኝ።

አብረን አንኖርም። ሲመጣ የሚያድረው እህቱ ቤት ነው። ከመምጣቱ ሦስት ቀን አስቀድሞ ይደውላል፤ እኔም ለልጁ ፎቶውን በየቀኑ አሳየዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከሐኪሟ ነው፤ ቀኑን በሥዕል መንገር። ቁርስ፣ ፊት መታጠብ፣ ትምህርት ቤት፣ አባት። ካርዶቹን የሠራሁት ከሳሙና ካርቶን ነው። ቦቲውን ደጅ ያወልቃል። አንዴ ብቻ ልጄ ከባቄላው አንዲት ፍሬ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ባሌ እጁን ሳያንቀሳቅስ ረጅም ጊዜ ቁጭ አለ።

ልጄ አሁን ልዩ ፍላጎት ክፍል ይማራል። መምህርቷ ጎበዝ ናት። አንድ ናት እንጂ፤ ስትታመም ክፍሉ ይዘጋል።

ባለፈው ወር ከመሐል ሜዳ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሰው ጠቁሟት። ባሏ ወታደር ነው፣ ሴት ልጇ አትራመድም። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ አላስገለጥኳትም። «የጋብቻ ወረቀት አለሽ?» አልኳት። የላትም። «ሰርግሽ ላይ የነበሩ ሽማግሌዎችስ?» ሁለቱ በሕይወት አሉ አለች። ክላሴሩን አወጣሁና ምስክሮቹ ምን እንደተጠየቁ ላሳያት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ግን ነጠላዬን አነሳሁ። ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ነይ እንሂድ አልኳት።