እንጀራ የማይጠይቅ ስንግ

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ሰው ቤት በሄደ ቁጥር አንድ ነገር ይላል። «በልቼ ነው የመጣሁት።» ውሸቱን ነው። የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየው ምርመራ 6.1 ወጥቶበታል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና የስኳር በሽታ አይባልም፣ ግን መንገዱ ላይ ነህ ማለት ነው። ሐኪሙ ዱቄት ነገር ቀንስ አለው። እሱም እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውን ቀነሰ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም። የሐበሻን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ስኳር የሚለው ቃል ከአፍህ ከወጣ አንዷ የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ታሸክምሃለች፣ አንዱ በባዶ ሆድ አብሽ ጠጣ ይልሃል፣ ሌላው ደግሞ አጎቱ በምን እንደሞቱ ይተርክልሃል።

በ2024 ሱፐር ቦውልን፣ የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታውን፣ ጓደኛችን ቤት ነበር ያየነው። ፒዛ፣ ሳምቡሳ፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ፣ አንድ ጆንያ የሚያህል ቺፕስ። ጋሼ አራት ሰዓት ሙሉ ካሮት ሲቆረጥም አየሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከውስጤ አልወጣም።

በ2025 ተራው የእኔ ሆነ፤ እሑድ ፌብሩዋሪ 9፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት። ለጋሼ ለብቻው ሰሃን እንደማላዘጋጅ ወሰንኩ። የበሽተኛ ሰሃን ለብቻው ሲቀርብ ማስታወቂያ መለጠፍ ማለት ነው። ሁሉም የሚሻማበት፣ ግን ዱቄት የሌለበት ነገር ነው የፈለግኩት። አሜሪካኖቹ ለጨዋታ ቀን የሚያቀርቡት በአይብ የተሞላ ሃላፔኞ አለ። ብዙ ጊዜ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ፍርፋሪውን ካነሳህለት የሚቀረው ምንድን ነው? ሆዱ ተከፍቶ የተሞላ ቃሪያ። ይሄማ ስንግ ነው! በጾም ስንበላው ያደግነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ትተህ ፍስክ ስታደርገው።

ሐሙስ ማታ በስድስት ቃሪያ ሞከርኩ። ጥሩ አድርጌያለሁ፤ እሑድ ዕለት ቀጥታ ብገባበት ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ጓንት አለማድረግ ነው። የቃሪያ አገር ልጅ ነኝ፣ ሃላፔኞ ምን ያመጣል አልኩ። ዘሩን በጥፍሬ ሞለጭኩት። እጄን በውሃና በሳሙና ታጠብኩ፣ ምንም አልተሰማኝም። ማታ ልተኛ ስል ኮንታክት ሌንሴን ላወጣ ጣቴን ዓይኔ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልተርክ ይሻላል። ባለቤቴ እያለቀሰች ነበር፣ በሳቅ። በኋላ እንደገባኝ የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን በምግብ ዘይት ማሸት፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መታጠብ ነው። አፍ ሲቃጠልም እንደዚያው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከመጋት ወተት ወይም እርጎ ይሻላል። ወይም ገና ሲጀመር በሁለት ብር ጓንት መግዛት። (ዶላሩን ብር እያልኩ ነው፣ እዚህ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።)

ሁለተኛው ነገር የማቃጠሉ ምንጭ ዘሩ አለመሆኑ ነው። ዕድሜ ልኬን ዘሩ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ዋናው ዘሩ የተንጠለጠለበት ነጩ ሥጋ ነው፤ ዘሩ እሱን ሲነካካ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ ነጩን በሻይ ማንኪያ ጠርጎ ማውጣት ነው። ማንኪያ ከቢላ ይበልጣል፣ አይበሳውም። እኔ ሐሙስ ዕለት ዘሩን ብቻ አራግፌ ነጩን እንዳለ ተውኩት፣ ላዩ ላይ ሚጥሚጣ ጨመርኩበት። ባለቤቴ አንዱን ነክሳ መሳቋን አቆመች።

ሃላፔኞ ሎተሪ ነው ደግሞ። የማቃጠል መለኪያው፣ ስኮቪል የሚባለው፣ ከ2,500 እስከ 8,000 ይላል፤ አንዱ እንደ ሳር ነው፣ ከዚያው ፌስታል የወጣ ሌላው ደግሞ ያስጮሃል። ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ነጩን ከሁሉም አውጥቼ ቅመሙን በራሴ እጅ መመጠን ነው የሻለኝ። እንደዚያ ሲሆን ሚጥሚጣው ነው የሚናገረው፣ ዕድል አይደለም።

ሦስተኛው ውሃ ነው፣ ትልቁ ጥፋትም እሱ ነበር። አይቡን ራሴ ነው ያወጣሁት። ከሱፐርማርኬት በተር ሚልክ፣ አሬራ በሉት፣ ገዝቼ ቀስ እያልኩ አሞቅኩት፣ ቋጠረ፣ አጠለልኩት። ግን በደንብ ሳይንጠፈጠፍ ሞላሁት። ኦቨን ውስጥ አጓቱ ወጣ፣ ቃሪያውም ራሱ ውሃ አለው፣ ትሪው ላይ ኩሬ ሠራ። ሲወጣ የተጋገረ ሳይሆን የተቀቀለ ነገር ሆነ። ሌላም ነገር አለ፤ አይብ አይቀልጥም። በኮምጣጣነትና በሙቀት የቋጠረ ስለሆነ የፈለግከውን ያህል አሙቀው ፍርፍር እንዳለ ነው የሚቀረው። ለብቻው ሲሆን ደረቅ ነው፣ ይበተናል። ክሪም ቺዝ ለብቻው ሲሆን ደግሞ እንደ ሙጫ ነው፣ ጣዕሙም ወደ መሰልቸት ይሄዳል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን ተጋቡ።

አራተኛ፣ በቀጭን የቱርክ ቤከን ጠቀለልኩት። ፈረንጆቹ በአሳማ ነው የሚጠቀልሉት፣ እኛ ጋ እሱ አይታሰብም። ቱርኩ ስቡ ትንሽ ነው፣ ቃሪያው እስኪበስል እሱ ቆዳ ሆነ። ጨውም በዛ። የገዛሁት ሚጥሚጣ ጨው አለው፣ አይቡ ውስጥ ጨምሬያለሁ፣ ቤከኑ ጨው ነው። ቤከኑን እዚያው ሰረዝኩት፣ አልቆጨኝም። ስቴኪኒ እየወጋሁ የፈጀሁት ግማሽ ሰዓት ነው የሚቆጨኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ በቪዲዮ ደወለች። የተረፈውን አሳየኋት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ስንግ ነው እማዬ። የአሜሪካ ስንግ።»

«እና ቲማቲሙስ?»

«አይብ ነው ያለበት።»

«ዛሬ እኮ አርብ ነው!»

«የትናንት ነው፣ አልበላሁም።»

ትንሽ ዝም አለችና ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «አቆራረጥህ ነው የተበላሸው። ጭራውን ለምን ጣልከው? ጭራው ነው እኮ የሚይዘው።»

ልክ ነበረች። እኔ ጭራውን ቆርጬ ነው ለሁለት የሰነጠቅኩት፣ ስለዚህ አንዱ ጫፍ ክፍት ሆኖ አይቡ በዚያ ሾልኮ ወጣ። እሷ እንደምታደርገው ሙሉውን ይዞ ጎኑን ብቻ መሰንጠቅ ይቻላል፣ ግን ለ20 ቃሪያ ትዕግሥቱ የለኝም። መሀል መንገድ አገኘሁ፤ ጭራውን ራሱን ለሁለት ሰንጥቄ ለእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ጭራ መተው። ጫፉ ዝግ የሆነ ታንኳ ይመስላል፣ መያዣም ይሆናል።

እሑድ ያደረግኩት እንዲህ ነው። 20 ሃላፔኞ፣ 40 ግማሽ። ጠርጌ፣ አጥቤ፣ በወረቀት አድርቄ፣ ባዶውን ሆዱን ወደ ታች ደፍቼ 400 ፋራናይት (200 ሴልሺየስ ገደማ) ኦቨን ውስጥ 8 ደቂቃ አቆየሁት። ውሃውን እዚያ ይተፋል። አይቡን ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በስስ ጨርቅ አስሬ ፍሪጅ ውስጥ ወንፊት ላይ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሥሩ አንድ ብርጭቆ አጓት ነበር። ግማሽ ፓውንድ የተፈጨ ሥጋ በንጥር ቅቤ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣና በቁንጥር ኮረሪማ አበሰልኩ። ክትፎ ለብ ለብ ላደርገው ነበር ሐሳቤ፣ ልቤም እዚያ ነበር፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ የተፈጨ ሥጋ ለብ ለብ አይደረግም፣ በደንብ አብስሉት። ሥጋው ከሐላል ሥጋ ቤት ነው፣ አንድ የድሬዳዋ ልጅ አብሮን ስለሚያይ። ሲቀዘቅዝ ከአንድ ፍሬ ክሪም ቺዝ (226 ግራም ነው)፣ ከዚያው ያህል አይብና ከአንድ እፍኝ ቼዳር ጋር ለወስኩት። ቼዳሩን ራሳችሁ ፈቅፍቁት። ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ብዙ ጊዜ የድንች ስታርች ይነሰነስበታል፣ እኛ ደግሞ ከስታርች ነው የምንሸሸው። ጨው አልጨመርኩም።

የምኮራበት ግን ላዩ ላይ ያለው ነው። የዳቦ ፍርፋሪ የሚሰጠውን ኩርሽምታ ከየት ላምጣ? ለውዝ ዱቄት የሚሉ አሉ፣ ውድ ነው፣ ቶሎም ያርራል። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ተልባ አየሁ። ተልባ ካርቦሃይድሬቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ፋይበር ነው። ምጣድ ላይ ቆላሁት፣ ተንጫጫ፣ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እንደሚባለው ወደ ሙቀጫ ሄደ፣ ሻካራ ሆኖ እንዲቀር ትንሽ ብቻ ነው የወቀጥኩት። ከፓርሜዛን አይብ ጋር ቀላቅዬ ላዩ ላይ ነሰነስኩ። እንደገና 400 ላይ 15 ደቂቃ፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን። የቆሎ ሽታ አለው። አሁን ለሌላ ነገርም እየተጠቀምኩበት ነው።

ሒሳቡን ስሠራው አንዱ ግማሽ ፋይበሩ ተቀንሶ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። 28 ግራም የበቆሎ ቺፕስ 18 ግራም ያህል አለው፣ ያ ደግሞ ማንም በአንድ ንግግር መሀል የሚጨርሰው እፍኝ ነው። ለልጆቹ በትናንሾቹ ባለ ቀለም ጣፋጭ ቃሪያዎች ሥጋና ሚጥሚጣ የሌለው አዘጋጀሁ።

ሁሉንም በአንዴ አለመጋገሬም ጠቀመኝ። 14፣ 14፣ 12 አድርጌ ለሦስት ከፈልኩት። ሲቀዘቅዝ አይቡ ይጠጥራል፣ ቅቤው ይረጋል፣ ደስ አይልም። የመጀመሪያውን በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 6:30 ጨዋታው ሲጀምር፣ ሁለተኛውን በእረፍት ሰዓት።

ጨዋታውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የተጋጠሙት ኢግልስና ካንሳስ ሲቲ ናቸው። ኢግልስ ከሁለት ሳምንት በፊት የእኛን የዋሽንግተኑን ቡድን ኮማንደርስን 55 ለ 23 አራግፎ ስለነበር ቤቱ ሁሉ በብስጭት የካንሳስ ደጋፊ ሆኖ ነው የተቀመጠው። እረፍት ላይ 24 ለ 0። ኢግልስ። ሰው ከብስጭቱ ይበላ ጀመር፣ ሁለተኛው ትሪ ሳህን ላይ ሳይደርስ አለቀ። ጋሼን በዓይኔ ጥግ እያየሁ ነበር። በር ላይ ሲገባ እንደልማዱ «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ነበር። ምንም አላልኩትም። ትሪውን ለሁሉም መሀል ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ነገር ዳቦ የለውም እንዴ?» ሲል፣ «ስንግ ዳቦ ኖሮት ያውቃል?» አልኩት፣ ወሬው እዚያው ሞተ። ጋሼ ዘጠኝ ግማሽ በላ። ቆጥሬያለሁ። በየመሀሉ ያላበው ነበር፣ ግንባሩን በሶፍት እየጠረገ።

ሦስተኛው ዙር ሳይጋገር ቀረ። ውጤቱ 34 ለ 0 ሲደርስ ሰኞ ሥራ ያለው ሁሉ ጃኬቱን ፈለገ። መጨረሻው 40 ለ 22 ነው የሆነው። ያልተጋገሩት 12ቱ ትሪው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ በማግስቱ የካቲት 3 ደግሞ ነነዌ ይገባል። ሥጋና አይብ ለሦስት ቀን አይነካም። ትሪውን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፣ ሲደርቁ ወደ ፌስታል ገለበጥኳቸው። ሳይጋገር ማቀዝቀዙ ከተጋገረ በኋላ ከማቀዝቀዙ በጣም ይሻላል፤ ሐሙስ ዕለት የጋገርኩትን አቀዝቅዤ ሳሞቀው እንደ እርጥብ ካልሲ ነበር የሆነው።

ሰኞ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አራት ጥሬ ሃላፔኞ ቀርቶ ነበር። ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ከትፌ፣ ሎሚና ዘይት ጠብ አድርጌ፣ እማዬ እንዳለችው ጎኑን ብቻ ሰንጥቄ ሰነግኩት። በሽሮ፣ በእንጀራ። እኔ እንኳ ስኳር የለብኝም እያልኩ ሁለተኛውን እንጀራ ስዘረጋ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

«ከዚያች ቃሪያ ተርፏል?»

«ነነዌ ነው እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ፍሪዘር ውስጥ አስገብተህ ከሆነ ብዬ ነው።»

«አሥራ ሁለት አለ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ። ልዘጋ ስል ደግሞ፣ «ሳልበላ ነው የምመጣው።»