ገንፎ ነው ቅንጬ? የአራት ሳምንት የቃላት ጨዋታዬ

ደሴ ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል፤ ማታ ማታ ከቤት መውጣት አያምርም። እኔም ከድሮ መጽሔቶች የተቆረጡ አግድምና ቁልቁል የሚሞሉ የቃላት ጨዋታዎችን ይዤ ቡና ላይ መቀመጥ ከጀመርኩ አራት ሳምንት ሆነኝ። እንደ እኔ ለምትሞሉ እስካሁን ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የመረጥኩት የጓዳ ቃላት የበዙባቸውን ነው። ቀላል መስለውኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ግማሹን እንኳ አልሞላሁም።

የያዘኝ ፍንጭ ይሄ ነው፦ «የተሸረከተ እህል ተቀቅሎ፣ ቅቤ ገብቶበት ለቁርስ፤ 3 ሳጥን።» መሃሉ ላይ «ከእንስራ» የመጣች ን አለች። ገንፎ! ወዲያው በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ከገ ቁልቁል የሚወርደው ባለ 2 ሳጥን ደግሞ «ጊዜ የሰጠው፣ ድንጋይ የሚሰብር» ይላል። ተረቱ የቅል ነው፤ ታዲያ ቅል በገ ይጀምራል እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ አዘጋጁ ተሳስቷል ብዬ ቆየሁ።

ቡና የሚያፈሉት ጎረቤታችን ፍንጩን ሳነብላቸው ወዲያው አወቁት። «የተሸረከተ እያለህ ምን ገንፎ አመጣው ልጄ? ገንፎ በዱቄት ነው። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን ጨምረህ፣ እንዳይጓጉል ቶሎ ቶሎ ታማስለዋለህ። ይሄ ቅንጬ ነው።» ገን ሰርዤ ቅ ሳስገባ ቅልም ቦታውን አገኘ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው እህሉ ምን እንደተደረገ ነው። ከተሸረከተ ቅንጬ፣ ተቆልቶ ከተፈጨ በሶ፣ አራስ የምትጠጣው ከሆነ አጥሚት ወይም ሙቅ። አጥሚት 4 ሳጥን ነው፣ ሙቅ 2፤ ሳጥን መቁጠር ብቻውን ይለያቸዋል።

የኛ ፊደል ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ስለሆነ አንዲት የተገኘች ፊደል ምርጫውን በጣም ታጠብባለች። በካ የሚያልቅ ባለ 3 ሳጥን የጓዳ ዕቃ ሲባል ማንካ ቶሎ ይመጣል። ካ ባትሆን ክ ብትሆን ኖሮ ሌላ ቃል ነበር የምንፈልገው።

የዕቃ ስም ሲያጥረኝ ሰኞ ገበያ ወርጄ ሻጮቹን እጠይቃለሁ። «ይሄ ምን ይባላል?» ስል ደስ እያላቸው ይነግሩኛል። የምጣድ መክደኛው አክንባሎ መሆኑን እዚያ ነው ያጠራሁት። በቤታችን አክምባሎ ስለምንል ም ጽፌ ቁልቁሉ ተበላሽቶብኝ ነበር።

አሁን ከ30 ፍንጭ 24ቱን ያለ ሰው እርዳታ እሞላለሁ። ያልፈታሁት የሞክሼ ፊደላትን ነገር ነው። ሊጥ የሚቦካበትን ቡሃቃ ብዬ ሞላሁ፤ ቁልቁሉ ኃይል ሆነና ኃ ፈለገ። እኔ ድምፁ አንድ ከሆነ ይለፍ ባይ ነኝ። ቡና ላይ ያሉት ግን ግማሾቹ አይሆንም ብለዋል። እናንተስ ስትሞሉ እንዴት ታደርጋላችሁ?