መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ታይፕ ሬቲንግ

ቻሌንጀር 604 የሚባለውን የግል ጄት ልሰለጥንበት የመረጥኩት ስለሚያምር ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው ሌላ ምክንያት እደረድር ነበር። የቀን ክፍያው ደህና ነው፣ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ታይፕ ሬቲንጉ፣ ማለትም ያን ዓይነት አውሮፕላን ለማብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ለ605 እና ለ650ም ያገለግላል። ውሸት የለበትም። ግን አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ይዞር ነበር። ያጠራቀምኩት ገንዘብ የሄደው ለዚያ አንገት ነው።

ከዚያ በፊት የማበረው ኪንግ ኤር ነበር። እንደሱ ባለ ቱርቦፕሮፕ (ባለ ፕሮፔለር) ላይ ብዙ ሰዓት አለኝ፣ ጄት ላይ ግን ዜሮ። ፈቃዴ የአሜሪካ ነው። በዚያ ደንብ ማንኛውም ጄት፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ታይፕ ሬቲንግ ይፈልጋል። እንደ እኔ በቀን ክፍያ የሚሠራ ኮንትራት አብራሪ ደግሞ የሚያሰለጥነው ቀጣሪ የለውም። ከኪሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስደውል የሽያጭ ሠራተኛው «ይህን ከያዙ ሥራው ራሱ ይፈልግዎታል» አለኝ። አመንኩት። ኮርሱ ጥሩ ነበር፣ መምህራኑንም አላማም። ክፍል ተማርኩ፣ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስል መሣሪያ) ገባሁ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ፈታኙ ጊዜያዊውን ፈቃድ አትሞ ሰጠኝ። ፎቶ ላነሳው ስልኬን ሳወጣ ነው አንዲት መስመር ያየሁት። በዚህ ሬቲንግ ዋና አብራሪ የመሆን መብቴ ገደብ አለበት ትላለች። ቀና ብዬ አየሁት። «ያውቁ የለ እንዴ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቂ የጄት ልምድ የሌለው ሰው ፈተናውን ሙሉ በሙሉ በሲሙሌተር ከወሰደ ገደብ ይጻፍበታል። ገደቡ እንዲነሳ በእውነተኛው አውሮፕላን 25 ሰዓት መብረር አለበት። ያውም የዋና አብራሪን ሥራ እየሠራ፣ ገደብ የሌለበት ዋና አብራሪ እያየው። ማምለጫ አለ። የቅድመ በረራ ፍተሻን፣ መነሳትን፣ የአይኤልኤስ አቀራረብን (በሬዲዮ ምልክት እየተመሩ ወደ ማረፊያው መቅረብን)፣ ሳያርፉ ተመልሶ መውጣትን እና ማረፍን በእውነተኛው አውሮፕላን መፈተን ነው። ሁሉም ደንቡ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ሳነብ የከረምኩት ስለ ሞተሩ ግፊት ነው።

ሥራ ፍለጋ ደወልኩ። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «604 ላይ ስንት ሰዓት አለህ?» ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ «እንደውልልሃለን»። የአውሮፕላኑ ባለቤት ቢወድህ እንኳ ኢንሹራንሱ አለ። ፖሊሲው ላይ ስምህ መግባት አለበት። ካልሆነ ጠቅላላ ሰዓትህ ይህን ያህል፣ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ይህን ያህል የሚለውን ማሟላት ነው። መንግሥት ብረር ቢልህ ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ቤትህ ትቀመጣለህ። ይህን የሽያጭ ሠራተኛው አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

በመጨረሻ አንድ ቅን ካፒቴን አገኘሁ። ለረዳት አብራሪ ከሚከፈለው ባነሰ ልሠራ ተስማማሁ። አውሮፕላኑ ሰው ሳይጭን በሚመለስበት ጊዜ ግራ ወንበር ያስቀምጠኛል። ባዶ በረራ ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። 25ቷን ሰዓት ለመሙላት ሰባት ወር ፈጀብኝ።

የበረራ መዝገቤን ይዤ ገደቡን ላስነሳ አቪዬሽን ቢሮ ሄድኩ። ባለሥልጣኑ ገጹን አየ፣ ገለበጠ፣ እንደገና አየ። አሥራ አንድ በረራ አለ። ካፒቴኑ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ትልቅ ቅንፍ አስምሮ ከሥሩ አንድ ጊዜ ፈርሟል። ጎበዝ ሰው ነው፣ ወረቀት ግን አይወድም። ባለሥልጣኑ ጣቱን በየመስመሩ እያወረደ ቆጠረ። «ደንቡ እያንዳንዱ በረራ በጽሑፍ ይመስከር ነው የሚለው» አለ። «ቅንፉ ሁሉንም ይዟል እኮ» አልኩት። «ቅንፍ ምስክር አይደለም» አለኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ፣ ምናልባት ተናድጄ ነው።

ካፒቴኑ ያኔ ሌላ አህጉር ሥራ ይዞ ሄዷል። ገጹን በፖስታ ላኩለት። የተመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ አሥራ አንድ ፊርማ ይዞ። መጠበቅ ላይ እያለሁ አንድ ባለቤት ዋና አብራሪ ፈልጎ ደወለ። ወረቀቴ ፖስታ ቤት ነው ልበለው? «ልመለስልህ» አልኩት። ሌላ ሰው ወሰደ። ባለሥልጣኑ ላይ ዛሬም ቅር ይለኛል። ግን ልክ ነበር፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። በየበረራው ማረፊያ ላይ እስክሪብቶ ማውጣት የኔ ፋንታ ነበር።

ገደቡ ተነስቶ ብዙም ሳልሠራ የዓመቱ ፈተና ደረሰ። እዚህ ላይ ደንቡ ለስለስ ይላል። ከአንድ በላይ ሬቲንግ ያለው ዋና አብራሪ በ12 ወር ውስጥ በአንዱ ከተፈተነ፣ ሌላው ዓይነት እስከ 24 ወር ሊቆይለት ይችላል። ይህን አምናችሁ በጀት እንዳታወጡ። እኔን ያጋጠሙኝ ኢንሹራንሶች በየዓመቱ፣ በየዓይነቱ ነው የሚሉት። ሬቲንግ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት ኪራይ ነው። አውሮፕላኑ በተለቀ ቁጥር ኪራዩም ይከብዳል።

ዛሬ ብጀምር ገንዘብ ሳልከፍል መጀመሪያ ሃያ ስልክ እደውል ነበር። የሽያጭ ሰው ጋ ሳይሆን ዋና አብራሪዎች ጋ፣ የኢንሹራንስ ደላሎች ጋ። ጥያቄው አንድ ነው። «ጄት ላይ ዜሮ ሰዓት ይዤ በየትኛው አውሮፕላን ትቀበሉኛላችሁ?» ብዙ ሰው አዲስና ትልቅ ምረጥ ይላል። እኔ ሳይቴሽን ከሚባሉት ጄቶች አሮጌውን እላለሁ። ሲኢ-500 በሚባለው አንድ ሬቲንግ ሳይቴሽን 2ንም፣ 5ንም፣ አልትራንም ታበራላችሁ። ሲጄ የሚባሉት ሳይቴሽኖች ደስ ይላሉ፣ ግን በአንድ አብራሪ ስለሚበሩ ባለቤቱ ራሱ ይነዳና አንተ ያለ ሥራ ትቀራለህ። ኤክሴል የሚባለው ሳይቴሽን ግን ሁለት አብራሪ ግድ ይለዋል። ሁለት ወንበር ማለት ደግሞ የሚታመም፣ ዕረፍት የሚወጣ፣ ሥራ የሚለቅ ሁለት ሰው ማለት ነው። የእኛ እንጀራ እዚያ ነው ያለው። የቻርተር (አውሮፕላን ከነአብራሪው የሚያከራይ) ኩባንያ ካሰባችሁ ግን ሬቲንጉ ብቻውን አይበቃም። በራሳቸው ስልጠናና ፈተና ያሳልፏችኋል።

አሁን ብዙውን ቀን የምሠራው በኤክሴል ነው። የቻሌንጀሩን ስልጠና ባለፈው ዓመት ዘለልኩት። ዘንድሮም ሳልዘለው አልቀርም።