ቅዳሜ ማታ አሸንፈን፣ ሌሊት ስኳሬ ወረደ

በጋ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ኳስ እንጫወታለን። እሁድ ቅዳሴ ስላለ ነው ቅዳሜን የመረጥነው። ሁላችንም አርባን አልፈናል። የፓርኪንግ ሠራተኛ አለ፣ የኡበር ሹፌር አለ፣ ነርስም አለ። ስኳር እንዳለብኝ ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ዓይነት አንድ ነው፤ ከ23 ዓመቴ ጀምሮ በኢንሱሊን ነው የምኖረው። አዲስ አበባ እያለሁ መደበቅ ለምዶብኛል፤ አሜሪካም ይዤው መጣሁ።

ያን ምሽት ስጀምር የደም ስኳሬ 140 ነበር። ሙዝ በልቼ ገባሁ። ተሯሯጥን፣ ተጨቃጨቅን፣ 3 ለ 2 አሸነፍን። መኪና ውስጥ ገብቼ ጣቴን ስለካ 240! ያን ያህል ሮጬ እንዴት ይወጣል? ተናደድኩና ለማውረጃ የምወጋውን ኢንሱሊን ሙሉውን ወጋሁ።

ከዚያ እንደተለመደው ሐበሻ ቤት። ክትፎ መጣ። ስኳሬ ወጥቷል ብዬ እንጀራውን ሸሸሁት፤ ክትፎውን ብቻ በላሁ። ቢራ ግን ሦስት ጠጣሁ። አሸንፈናላ! ልተኛ ስል 118 አነበብኩ። እንዲህ ያለ ጥሩ ቁጥር አይቼ አላውቅም ብዬ የሌሊቱን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው ወግቼ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ነቃች። አንሶላው በላብ ርሷል። «አንተ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ኦፍሳይድ ነው» አልኳት። እኔ አላስታውስም፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ያኔ አልሳቀችም። ለካችኝ፣ 48። ቀና አድርጋ አስቀምጣ ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ አጠጣችኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 66። ደገመችኝ። ከዚያ 94፣ ከዚያ ዳቦ። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ዝም አልን።

ሐኪሜ ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ወረቀት አውጥታ ሳለችልኝ። እንደ ኳስ ባለ በድንገት እየተፈተለኩ የምሮጥበት ጨዋታ አድሬናሊን ይወጣል፤ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ያ 240 ትንሽ ብታገሰው ራሱ ይወርድ ይሆናል። እኔ ግን በመርፌ ገፋሁት። ጡንቻዎቼ ደግሞ የጨረሱትን ለመተካት ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ከደሜ ይስባሉ፤ ይህ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ላይ ቢራው። ጉበት አልኮሉን ሲያጣራ ስኳር መልቀቁን ይተዋል። አራተኛው ያልበላሁት እንጀራ ነው።

አሁን ከጨዋታ በኋላ ከፍ ቢል ቶሎ አልወጋም፤ ከወጋሁም ሐኪሜ እንደነገረችኝ ግማሹን ነው። እንጀራዬን እበላለሁ። የሌሊቱንም ኢንሱሊን በዚያ ቀን ቀነስ አድርጋልኛለች። (የእኔ መጠን የእኔ ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ።) ከጨዋታ በፊት ከ90 በታች ከሆንኩ ሳልበላ አልገባም። ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው አሲድ) ከታየ ደግሞ ቆሜ አያለሁ። ክንዴ ላይም ስኳር የሚለካ ሴንሰር ተለጥፏል። የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፣ ስሮጥ ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ስጠራጠር ጣቴን እወጋለሁ። ሌሊት ሲወርድ የባለቤቴ ስልክም ይጮኻል።

ለልጆቹም ነገርኳቸው። ልጆች እንባባላለን፣ ጸጉራችን ሸብቶ። ነርሱ «እኔ እያለሁ ትደብቃለህ?» ብሎ አኮረፈ። ሌላው «ስኳር ካለብህ ጭማቂ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ሲወርድ መድኃኒቴ እሱ ነው ብዬ አስረዳሁት።

ጭማቂዎቼን የማስቀምጠው ከጎሉ ጀርባ ነው፣ በረኛው እንዲጠብቅልኝ። ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ሄጄ ባይ ሁለቱም ካርቶኖች ባዶ ናቸው።

«ጠማኝ» አለኝ።