የዓባይ በረሃና የሚዜው ሱፍ

ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚያገባ አብሮ አደጌ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውቶቡስ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ረፋዱ ላይ ይጨርሰዋል፣ ምሳው ደግሞ 7 ሰዓት ነው ብዬ ስላሰላሁ፣ ለመቀያየር እንኳ ጊዜ ላለማባከን ጥቁር ሱፌን ከነከረባቱ ለብሼ ተሳፈርኩ። ከደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ገብተው አጠገቤ ለተቀመጡት እናት፣ የጉዞ ቁም ነገሩ መድረስ ሳይሆን በመንገድ የሚቀሰመው ትምህርት መሆኑን ሰፋ አድርጌ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «እኔስ ብደርስ ይሻለኛል፣ ልጄ» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች በሚጠመዘዘው የዓባይ በረሃ መንገድ መውረድ እንደጀመርን፣ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ አፍንጫችንን መታው። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ረዳቱም ዘሎ ወርዶ በድንጋይ ታኮ አደረገ። ከኋላ ጎማ ጭስ ሲትጎለጎል ባየሁ ጊዜ፣ የሚዜነት ኃላፊነት አውቶቡሱንም የሚጨምር መስሎኝ ይሆናል፣ ጀሪካኑን አፈፍ አድርጌ ወደ ጎማው ሮጥኩ። ክዳኑን ስከፍት ሁለት ጩኸት በአንድ ጊዜ ተሰማ፤ ሾፌሩ «ተው! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል!» ሲል፣ እናት ደግሞ «ኧረ ጠበሌን!» አሉ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ጀሪካኑ አመለጠኝና የጠበሉ ግማሽ ሱፌ ላይ ፈሰሰ። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» አለኝ።

ሾፌሩ ከተረጋጋ በኋላ፣ ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘው እንደሆነ፣ በቀላል ማርሽ ተለቆ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ግን ሸራው ግሎ መያዝ እንደሚያቆም አስረዳኝ። ይህን ሁሉ እያወቀ ታዲያ ስለ ምን በቀላል ማርሽ እንደወረደ ብጠይቀው፣ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ከፍቼ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ‹ሰዓት ሄደብኝ፣ ትንሽ ፍጠን› ሲለኝ የነበረው ማን ነው?» አለኝ። እናት ዐይናቸውን ሳይከፍቱ ፈገግ አሉ።

አዲስ ሸራ ከደጀን እስኪመጣ ድረስ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ከታች እያየን፣ ልንሻገረው ግን ሳንችል፣ በአንዲት ግራር ጥላ ሥር አራት ሰዓት ተቀመጥን። ደጋ ላይ የሞቀኝ ሱፍ በበረሃው እንደ ምጣድ ይጠብሰኝ ጀመር። ጠበላቸውን ያፈሰስኩባቸው እናት በቀረው ጠበል በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። (በዚያ ቀን የቀመስኩት የሠርግ ምግብ ቢኖር እሱ ነው።) ከመኪናው ሥር መብራት ስይዝ፣ መፍቻ ሳቀብል ከዋልኩ በኋላ ሱፌ ጥቁር መሆኑ ብቻ አተረፈኝ።

ደብረ ማርቆስ የደረስኩት ወንበር ሲሰበሰብ ነው። በእኔ ቦታ የሙሽራዋ የአጎት ልጅ ቆሞ ፎቶው ሁሉ አልቋል። ሙሽራው ተቆጥቶ «ምን ነክቶህ ነው?» ሲለኝ፣ ስለ ከባድ ማርሽ ማብራራት ብጀምር ጊዜ ትቶኝ ሄደ።

በማግስቱ ስመለስ ሆን ብዬ ከሾፌሩ በስተኋላ ተቀመጥኩ። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ አንገቴን አስግጌ ማርሹን ማየቴን ያስተዋለው አዲሱ ሾፌር፣ በመስተዋቱ አይቶኝ «ወንድሜ፣ ማርሹን ለእኔ ተውና አንተ መስኮቱን እይ» አለኝ።