ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፦ አዲሱን ኮምፒውተሬን ያስነሳሁበት መንገድ

ዕቃ ስመርጥ ላማከራችሁኝ ሁሉ፦ ማሽኑ ተነስቷል። ይህንንም የምጽፈው በእሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲበራ ግን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ብሎ ይተኛል። ቤታችሁ ኮምፒውተር ገጥማችሁ እዚህ ነጥብ ላይ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ይህ ማስታወሻ ለእናንተ ነው።

ዕቃዎቹ ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር፣ ቢ650 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራም፣ አንድ ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ እና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ናቸው። ግራፊክስ ካርዱ ገና ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። 7600 ውስጡ ትንሽ ግራፊክስ ስላለው ለጊዜው ያለ ካርድ ይሠራል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ነገር እዩልኝ። 7500ኤፍ የሚባለው ዋጋው ቀነስ ስለሚል ያጓጓል፤ ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ሳይኖራችሁ እሱን ከገዛችሁ የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ላይ ምንም አይወጣም። ስንቱ ደህና ዕቃ «ተበላሽቷል» ተብሎ ለሻጩ ይመለሳል መሰላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮምፒውተር ሲነሳ በተርታ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ኃይል ያገኛል፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ይነቃል፣ ከዚያ ራሙ ይፈተሻል፣ ከዚያ ምስል ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ዲስኩን ይፈልጋል። ስለዚህ «ምን ተበላሸ?» ከማለት በፊት «የት ድረስ ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የደረሰበትን ካወቃችሁ የምትነኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በድንጋጤ ሁሉንም ነቅሎ ሁሉንም መልሶ ሲሰካ፣ ቢነሳ እንኳን ምን እንዳስነሳው አያውቅም።

ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ፣ ማለትም ፋኑም ካልዞረ፣ ነገሩ ኃይል ጋ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት፣ ዲቫይደሩ፣ የፓወር ሰፕላዩ የጀርባ ማብሪያ፤ እነዚህን በቅድሚያ እዩ። ቀጥሎ ሁለቱን ገመዶች፦ ትልቁን ባለ 24 ፒን እና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ላይ የሚገባውን ባለ 8 ፒን። ባለ 8 ፒኑ ሁለት ዓይነት ነው። የፕሮሰሰሩ ለሁለት እኩል ይከፈላል፣ አራት እና አራት። የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ስድስት እና ሁለት ነው። ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። አልገባም ካለ አታስገድዱት፤ የተሳሳተውን ይዛችኋል ማለት ነው።

የኬዙ ማብሪያ ራሱ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ይህን ለመለየት የማብሪያውን ሽቦ ንቀሉና፣ ማዘርቦርዱ ላይ «ፓወር ስዊች» የሚሉትን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካኩ። በዚህ ከተነሳ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ከማብሪያው ወይም ከሽቦው አሰካክ ነው። ፒኖቹ የትኞቹ እንደሆኑ የማዘርቦርዱ መጽሐፍ ላይ በሥዕል አለ። በግምት አትንኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ለሚልክላችሁ። አንዳንድ የቆዩት ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አላቸው። እዚያ 115 ላይ ሲሠራ የነበረውን እዚህ አምጥታችሁ 220 ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ማዞሪያውን ሳታዩ እንዳትሰኩ። አዳዲሶቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይቀበላሉ፤ ጎናቸው ላይ ተጽፏል።

የእኔው ይህን ሁሉ አልፏል። ፋኑ ይዞራል። ታዲያ የት ቆመ? ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ፣ ዳር ላይ፣ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ። አጠገባቸው ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ድራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (ምስሉ)፣ ቡት (ዲስኩ) ተብሎ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ማሽኑ ሲነሳ ተራ በተራ በርተው ይጠፋሉ። በርቶ የቀረው መብራት የቆመበትን ቦታ ይነግራችኋል። የእኔው ድራም ላይ ብጫ ሆኖ ቀረ። የራሙ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ዲዲአር5 በጣም ፈጣን ስለሆነ ማዘርቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከእያንዳንዱ የራም መስመር ጋር ሰዓቱን ያስማማል። ሜሞሪ ትሬኒንግ ይሉታል። ልክ ክራር እንደመቃኘት ነው፤ አንዱን ጅማት ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ እያደረገ የሚስማማበትን ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስክሪኑ ጥቁር ነው። የድራም መብራት ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሌላ ምንም ምልክት የለም። ኤኤም5 ላይ፣ ማለትም የእኔው ዓይነት ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት ባላቸው ቦርዶች ላይ፣ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ራሙ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይረዝማል። መሀል ላይ ራሱ ጠፍቶ ሊነሳም ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ግን «ሞተ» ብላችሁ ማብሪያውን ይዛችሁ ካጠፋችሁት ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ዩፒኤስ ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሽኑን እሱ ላይ ስኩት፤ መሀል ላይ መብራት ሲሄድም ያው ከዜሮ ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ ካልተላቀቀ ግን ወደ ሥራ ግቡ። የእኔው አልተላቀቀም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩና አንዱን ራም አውጥቼ፣ ሌላውን «ኤ2» በሚባለው ቦታ ብቻውን አስቀመጥኩት። አራት የራም ቦታ ባለው ቦርድ ላይ ኤ2 ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛው ነው። ሁለት ራም ካላችሁ ቦታቸው ሁለተኛው እና አራተኛው ነው እንጂ ጎን ለጎን አይደለም። ራሙ ሲገባ ቋ የሚል ድምፅ አለው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ መያዣው የሚከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ወገን በደንብ መውረዱን በዓይን ማየት ይጠይቃል። በአንዱ ራም ቆየት ብሎ ምስል ወጣ። ያን ጊዜ የባዮሱን፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ሆኖ ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ገጽ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት የገጠመ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛውንም ብቻውን ሞከርኩት፣ እሱም ሠራ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፤ በ4800 ፍጥነት ተነሳ። ሁለቱም ራሞች ደህና ናቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፍጥነቱ ነው። ራሙ ላይ 6000 ተብሎ ተጽፏል። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ኤክስፖ የሚለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር፣ ስከፍተው ስክሪኑ መልሶ ጠቆረ። ይህን ቁጥር በተመለከተ አንድ እውነት ልንገራችሁ። ራይዘን 7000 በሁለት ራም በይፋ የሚደግፈው እስከ 5200 ነው። አራት ከሰካችሁ ደግሞ ወደ 3600 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ «በኋላ ሁለት እጨምራለሁ» ብላችሁ ትንሽ አትግዙ። የምትፈልጉትን ያህል በሁለት ራም፣ በአንድ ማሸጊያ ግዙ።

ሲጠቁር መመለሻው ቀላል ነው። ገመዱን ከግድግዳ ትነቅላላችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ «ክሊር ሲሞስ» የሚሉ ሁለት ፒኖች አሉ፤ እነሱን ለጥቂት ሰከንድ በካቻቢቴ ማነካካት ነው። ፒኑን ካጣችሁት ክብዋን ሲአር2032 ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሷት። ባዮሱ የገባለትን ቅንብር ሁሉ ይረሳና እንደ አዲስ ይነሳል። የኔም ተነሳ።

ሥር ነቀሉ መፍትሔ ባዮሱን ማደስ ነበር። ማዘርቦርዱ ይዞት የመጣው የቆየ ነበር፤ አዲሶቹ ደግሞ የራም አያያዛቸው በጣም ተሻሽሏል። ከአምራቹ ገጽ የማዘርቦርዳችሁን ሙሉ ስም አይታችሁ ታወርዳላችሁ፤ በስሙ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ከተለየች ሌላ ቦርድ ነው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጋችሁ ፋይሉን ትገለብጣላችሁ። ባዮስ ፍላሽባክ ያለው ቦርድ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖረው ይታደሳል፤ ኃይል ብቻ ይበቃዋል። ለእሱ ግን ፋይሉ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ስም ይሰጠው፣ ፍላሹም ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ላይ ይሰካ። የራይዘን 9000 ፕሮሰሰር ለገዛችሁና ባዮሱ ፕሮሰሰሩን የማያውቅ የቆየ ቢ650 ላገኛችሁ ይህ መንገድ ትልቅ መዳኛ ነው። ብቻ አደራ፣ መብራት የሚመላለስበት ሰዓት ላይ አትጀምሩት። ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ፍላሽባክ የሌለው ቦርድ ላይ ችግሩ ከባድ ነው።

ከታደሰ በኋላ ኤክስፖን ከፈትኩ፣ 6000 ላይ ያለ ችግር ተነሳ። ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስት86 በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ላይ አሳደርኩት፤ አንድም ስህተት አላገኘም። ይህን ፈተና አትዝለሉት። ራም ትንሽ ሲያንገራግር ማሽኑ ይነሳና ፋይል እያበላሸ ይቆያል፤ የተጻፈ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ያን ስታዩ ታዝናላችሁ።

የዲስኩ ነገር አልከበደም። ዊንዶውስን በፍላሽ ጫንኩት፣ አለቀ። የድሮ ኮምፒውተራችሁን ሃርድ ዲስክ አምጥታችሁ ከእሱ ለማስነሳት የምትሞክሩ ግን፣ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ቢላችሁ አትደንግጡ። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ኤምቢአር በሚባለው ዓይነት የተከፋፈሉ ናቸው፤ አዲሶቹ ቦርዶች የሚፈልጉት ጂፒቲን ነው። ፋይላችሁ አለ፣ አልጠፋም። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት እንደ ሁለተኛ ዲስክ ስኩትና ሰነዱንና የቤተሰቡን ፎቶ ገልብጡ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሙን እንደገና እያስማማ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ኮንቴክስት ሪስቶር የሚባለውን ስከፍተው ያለፈውን ውጤት እየተጠቀመ በፍጥነት መነሳት ጀመረ። አንዳንድ ቦርድ ላይ ግን አለመረጋጋት ያመጣል ስለሚባል፣ እንደከፈትኩት መልሼ ሜምቴስት አስጀምሬዋለሁ። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ እንዲሁ ይቀጥላል፤ ስህተት ካሳየ እዘጋዋለሁ፣ ሲነሳም ትንሽ ልጠብቀው።