«አባዬ፣ ና እንጂ!»

ድሮ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለቴ ቆሜ አርፍ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ቀድማኝ ወጥታ «አባዬ፣ ና እንጂ!» ስትለኝ፣ መልስ ለመስጠት እንኳ ትንፋሽ አጣሁ። በማግስቱ ጂም ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው አሰልጣኜ ገና በገባሁበት ቀን ከባድ ብረት አሸከመኝ። ወገቤን ይዞኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ።

ለዚህ ነው ዛሬ እኔ ራሴ አሰልጣኝ ሆኜ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ብረት ከመንካቱ በፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ የሚለው። ይስቃሉ። ስኳት የሚባለው እንቅስቃሴ ግን እሱው ነው፤ ተረከዝ ከመሬት አይነሳም፣ ጉልበትም ወደ ውስጥ አይገባም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ62 ዓመት እናት ምንም ሳይደገፉ ከወንበር ተነሱ። «አየኸኝ ልጄ?» አሉኝ። አየሁ እንጂ! ከዚያማ «አንዴ ልድገመው» እያሉ አስቸገሩኝ።